የጓድ ብዙአየሁ ግለ ሂስ

ብዙአየሁ በስብሰባ ፊት "በሒሳብ ደካማ ነኝ" ብሎ አመነ የሚለው ወሬ ከመናኸሪያ ተነስቶ ሐይቁ ዳር ካለው አሞራ ገደል ሲደርስ ዓሣ አጥማጆቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ሐይቁ ደረቀ ቢባሉ በቀላሉ ያምኑ ነበር። እንኳን በስብሰባ ፊት፣ በሕልሙም አይለውም።

የብዙአየሁ ዓይነት ከየክፍሉ አንድ አይጠፋም። በእንግሊዝኛ ሃያ ሁለት፣ በታሪክ ሃያ አምስት፣ በሒሳብ አርባ ሦስት ያመጣል፤ ከዚያ አርባ ሦስቷ ላይ ወጥቶ ሌሎቹን ቁልቁል ሲያይ ራሱን ያዞረዋል። "ስንት አመጣህ?" ሲሉት፣ "ስንት ይመስላችኋል? ሒሳብማ የኔ ናት" ብሎ ያልፋል። ክፍሉም "ሊቀ ሒሳብ ጓድ ብዙአየሁ" ብሎ ሾሞታል።

አጠገቡ የምትቀመጠው ሮማን የተገላቢጦሽ ናት። በአማርኛ ዘጠና ሰባት፣ በእንግሊዝኛ ዘጠና አምስት አምጥታ ሒሳቧ ሰማንያ ስድስት ቢሆንባት ለቅሶ ተቀመጠች። ዐሥረኛን ጨርሰው ሳይንስ ወይም አርት የሚመርጡበት ወቅት ነበር። ከልጅነቷ ሐኪም እሆናለሁ ስትል የኖረችው ልጅ በክፍሉ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተነስታ፣ "ድክመቴ ሒሳብ ነውና አርት እገባለሁ" አለች።

መምህር ካሳሁን፣ "ማን ያስጠናታል?" ብለው ሳይጨርሱ አንድ እጅ ጣሪያ ሊነካ ደረሰ።

"እኔ አለሁላት።"

ክፍሉን ሳል ያዘው።

በማግስቱ ሐይቁ ዳር ዋርካ ሥር ተቀመጡ። ሊቁ በእንጨት መሬት ላይ ኢኩዌሽን ጻፈ።

"ብዜ፣ ኤክሷ ወደዚያ ስትሻገር ምልክቷ ይቀየራል እኮ።"

"አውቃለሁ። ንቃትሽን ልለካ ብዬ ነው።"

"የታችኛውንስ ለምን ተውከው?"

"እሱንም ልለካ ብዬ።"

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሮማን ምዕራፉን በሙሉ አስጠንታው ነበር። ሊቁ ሱሪውን አራግፎ ተነሳና፣ "ጥሩ ተማሪ ነሽ፤ ትንሽ ይቀርሻል" አላት። የሚገርመው፣ አመነችው።

ቅጽ በሚሞላበት ቀን ሮማን በስብሰባው እንደገና ተነሳች። "ጓድ ብዙአየሁ ደክሞልኛል። እኔ ግን አሁንም ትንሽ ይቀረኛል፤ አርት ነው የምሞላው።"

ብዙአየሁ የመጣ ሳል ይምጣ ብሎ ከመቀመጫው ተነሳ።

"ግለ ሂስ አለኝ" አለ። "ሒሳብ ያመጣሁት አርባ ሦስት ነው። ዋርካው ሥር ያስጠናችኝ እሷ ናት። ሰማንያ ስድስት ድክመት ከሆነ የኔን ምን ልትሉት ነው? በሒሳብ ደካማው እኔ ነኝ።"

የሳለ የለም። ሮማን እስክሪብቶዋን አነሳችና ሳይንስ የሚለው ላይ ምልክት አደረገች።

ቅዳሜ ሁለቱ ሻይ ቤት ተቀምጠው ሳለ የሌላ ክፍል ተማሪው ሙህዲን የአባቱን ሱቅ ትቶ እየሮጠ መጣ።

"ብዜ፣ ደካማ ነኝ አልክ አሉ። የእውነት ነው?" ከዚያ ወደ ሮማን ዞረ። "አንቺ እዚያው ነበርሽ አይደል?"

ሮማን ሊቁን አየት አደረገችው። ጆሮው ቀልቷል።

"እኔ እንጃ" አለች ሻይዋን እያማሰለች። "ቅጽ እየሞላሁ ነበር።"

ብዙአየሁ ኮሌታውን አስተካከለ።

"ውሸት ነው" አለ። "እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ አልወጣም። ሒሳብማ የኔ ናት።"