ዜና ሰረገላሁ ለኤውዶሮ፣ ልጃቸውን ወደ ግብዣ እንዳደረሱ

ነዳጅ ከባያሞ ከተማ ዳግመኛ በተሰደደ በአራተኛው ዓመት፣ ሉሴሮ የተባለው ዳማ ፈረስ በነገሠ በዘጠነኛው፣ በወርኃ ግንቦት፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ ሥዩመ ልጓም፣ ሞዐ ኮረኮንች፣ የሠላሳ ሁለተኛው ጋሪ ጌታ ኤውዶሮ ወልደ ኤራስሞ የሠሩት ገድል ይህ ነው። ዜናቸውን የሚጽፍ ጸሐፊ ፈልገው ስላጡ ራሳቸው ጻፉት፤ እንግዲህ ውሸት ቢገኝበት ከባለቤቱ እንጂ ከሌላ አይደለም።

የሰረገላውም ትውልድ እንዲህ ነው፤ አያታቸው ሸንኮራ አገዳ ጫኑበት፣ አባታቸው ወተት አመላለሱበት፣ አውቶቡስ የጠፋበት ዘመን ሲመጣም ኤውዶሮ የእንጨቱን መንኰራኵር በአሮጌ መኪና ጎማ ለውጠው፣ ጣራ ሠርተው፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች አበጅተው፣ ከገበያ እስከ ሆስፒታል ሰው ይጭኑበት ጀመር።

ወእምዝ፣ ልጃቸው ዩስሌይዲ አሥራ አምስት ዓመት ልትሞላ ሆነ፤ በአገሩ ልማድ ሴት ልጅ በዚህ ዕድሜዋ እንደ ሙሽራ ለብሳ ታላቅ ግብዣ ይደረግላታል። ጓደኞቿ ሁሉ አሥራ አምስታቸውን በቀይ የኪራይ መኪና ከተማውን ዞረው አክብረዋልና እሷም መኪና ለመነች። አባት ግን ከባለጋሪዎች መቆሚያ ወጥተው አዋጅ አስነገሩ፦

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የእኔ ልጅ በሰው መኪና አትሄድም! በጋሪዬ፣ ብቻዋን፣ እንደ ንግሥት አደርሳታለሁ! ካላደረስኳት ኤውዶሮ አትበሉኝ፣ ሉሴሮ በሉኝ!»

ባለጋሪዎቹም በአንድ ድምፅ «ኧረ ሉሴሮ ይከፋዋል!» ብለው አወጁ።

ልጅቱ ሦስት ቀን አኮረፈች፤ በአራተኛው ብቻዋን ሊያደርሷት አስምላ እሺ አለች።

በቀኑም ሉሴሮ ታጠበ፣ ጋማው ተጎነጎነ፣ ከጭራው በታች የሚታሰረው የፋንድያ ከረጢት እንኳ ሳይቀር በወርቃማ ሪባን አጌጠ። ዩስሌይዲ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ወጣች፤ ቀሚሱ ብቻውን አንዱን ወንበር ሞላ። ግብዣው ከሆስፒታሉ አጠገብ ነበርና መንገዱ የዘወትር መንገዳቸው ሆነ።

ነገር ግን በባያሞ ባለጋሪ ዘንድ ባዶ ቦታ እያለ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ማለፍ ነውር ነው፤ ኤውዶሮም በሠላሳ ዓመት ይህን ነውር አልሠሩም። ከመጀመሪያው መቆሚያ ሲደርሱ ዓይናቸው በሪባኑ ተይዞ ሳለ አፋቸው ልባቸውን ቀድሞ «ሆስፒታል! ሆስፒታል! ሁለት ሰው!» ብሎ አወጀ። በሁለተኛውም እንዲሁ፣ በሦስተኛውም እንዲሁ። ያን ቀን የተከተላቸው ሠራዊት እነሆ፦ ሁለት ነርሶች ከነምሳቸው፤ ፀጉር አስተካካዩ ዊልፍሬዶ ከነመስተዋቱ፤ ቲማቲም ነጋዴዋ ኢሬኔ ከነሣጥኗ፤ ስሙን ያልተናገረ አንድ ሰውዬ ከነአውራ ዶሮው። ዶሮውም የቀሚሱ ጫፍ ላይ በክብር ተቀመጠ።

ኤውዶሮ ዘወር ቢሉ ልጃቸው በሰው መካከል ተጨፍልቃለች፤ ዓይኗ ከንዴት ብዛት እንባ አቅርሯል። መሐላቸውን በገዛ አፋቸው አፍርሰዋልና እጅግ አፈሩ፤ ከእንግዲህ ማንንም ላያነሡ ቆረጡ።

በመጨረሻው መቆሚያ አሮጊቷ ኦብዱሊያ በፋሻ የታሰረ እግራቸውን ድንጋይ ላይ አሳርፈው እጃቸውን አነሡ። ኤውዶሮ አንገታቸውን ደፍተው፣ ሉሴሮን ነድተው አለፏቸው።

ያን ጊዜ ከሰረገላው ውስጥ አዋጅ ተሰማ፦

«አባዬ፣ አቁም! ምን ነካህ? እማማ ኦብዱሊያን ጥለህ ልትሄድ ነው? ጠጋ በሉ እንጂ እናንተም! አንተ ሰውዬ፣ ዶሮህን አንሣልኝ!»

ይህን ብላ ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰበሰበች፤ ወርዳም አሮጊቷን ደግፋ አሳፈረች። ዜና መዋዕል ጌታው ሲያለቅስ አይጽፍም፤ ኤውዶሮ ግን አለቀሱ።

ከግብዣው ደጅ ሲደርሱ ቀሚሱ ተጨማዶ ነበር፣ ጫፉም በቲማቲም ቀልቷል። ተሳፋሪዎቹ ወርደው ግራና ቀኝ ተሰለፉ፤ እማማ ኦብዱሊያ በአንድ እግራቸው ቆመው እልል አሉ፤ ዩስሌይዲም በመካከላቸው እየሳቀች ገባች። ንግሥት ያለ አጃቢ እንደማትገባ ኤውዶሮ ያን ቀን ተማሩ።

ስለዚህ ለአባት የተሰናዳው ውዳሴ ወደ ልጅ ተላለፈ። ለዩስሌይዲ ወለተ ኤውዶሮ፣ ለእመ መንገደኞች፣ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ላላለፈች፣ ክብርና ምስጋና እስከ ዘለዓለም ይሁን፤ ለአባቷም ቀሚሱን ማጠብ።