በድንች ማሳ ሥር ያለፈ ሽቦ

ሰማይ ባለቤት የለውም። የእግዜርን ድርሻ ለመካድ አይደለም፤ እኛ ጎጃሞች በሰማይ ተካሰን አናውቅም ለማለት ነው። ጎረቤታችሁ ጣሪያው ላይ የፈለገውን ቢሰቅል፣ ደመና ቢወጋም፣ ቀና ብሎ የሚያይ የለም። አንድ ስንዝር መሬቱን ግን ንኩና እዩ። በርስትና በሚስት ቀልድ የለም የተባለው ለአፍ ማሟሻ አይደለም። እኔ እዚሁ ተወልጄ፣ ይህንን ሁሉ እያወቅሁ፣ አንድ የሬዲዮ ፍቅር ዓይኔን ጋረደው።

ሮብ ገበያ በምትባለው ከተማችን ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከትምህርት ሰዓት ውጭ ደግሞ፣ ፈቃድ አውጥቼ፣ በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር አወራለሁ። ያለ ስልክ፣ ያለ ኢንተርኔት፣ በአየር ብቻ። ባለቤቴ "ከሚያውቁህ ጋር አውርተህ ጨረስህ?" ትለኛለች።

ነገሩ ሁሉ ያለው አንቴናው ላይ ነው። ሽቦውን አግድም ልዘርጋ ብል ሁለት ረጃጅም ዛፍ ያስፈልገኛል፤ የግቢው ባሕር ዛፍ ደግሞ ተቆርጦ የሰው ቤት ማገር ሆኗል። ስለዚህ ቀጥ ብሎ የሚቆመውን መረጥሁ። ደብረ ማርቆስ ወርጄ መስኮት ከሚሠሩ ሰዎች የአሉሚኒየም ቱቦ ገዛሁና አቆምሁት። አቋሙ ያስቀናል። ግን እንዲህ ያለው አንቴና አንድ አመል አለው፤ ግማሽ አካሉ መሬት ውስጥ ነው። ከሬዲዮው የሚመጣው ኬብል የውስጥ ሽቦው ከቱቦው ጋር ይያያዛል፤ የውጭ የሽቦ ልባሱ ደግሞ ከሥሩ ዙሪያውን ከተቀበሩ ሽቦዎች ጋር። ሽቦዎቹ ከሌሉ ኃይሉ አፈር ሲያሞቅ ይውላል። የጮቄ ብርድ የሚታወቅ ነው፣ አፈሩም ቢሞቅ አይጠላም፤ የእኔ ድምፅ ግን ከአባይ ማዶ አይሻገርም።

በሦስት በኩል ቤቱ፣ ማድቤቱና መንገዱ ይዘውኛል። የቀረው የጎረቤቴ የጋሽ ጥሩነህ የድንች ማሳ ነው። አስፈቀድኋቸው። ሽቦው ድንቹን ከነአፈሩ ይቀቅልብኝ ይሆን ብለው ጠየቁኝና፣ እንደማይቀቅል ስምልላቸው እሺ አሉ። እሳቸው ገበያ በዋሉበት ቀን ሽቦዬን ቀበርሁ። በኋላ ቆፋሪ እንዳይበጥሰው ብዬም መድረሻ መድረሻው ላይ ችካል መታሁ።

ችካል! በሰው ማሳ ላይ! ለእኔ ምልክት ነው፤ ለገበሬ ግን ችካል ማለት "ከዚህ ወዲህ የእኔ ነው" ማለት ነው።

ጋሽ ጥሩነህ ከገበያ ተመለሱ፣ ችካሉን አዩ፣ በራቸውን ዘግተው ገቡ። በማግስቱ "እንዴት አደሩ?" ብላቸው ፊታቸውን አዞሩ። ችካሉን ነቅዬ ይቅርታ ልጠይቅ ብሄድም በሩ አልተከፈተልኝም። ባለቤቴ ምጥ የያዛት ዕለት በዝናብ መኪና ፍለጋ የሮጡልኝ እኚህ ሰው ነበሩ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይላሉ፤ እኔ ለሩቅ ሰው ስል ቅርቤን አጣሁ። ከልቤ ከፋኝ። ሽቦውንም ልነቅለው ወስኜ ነበር።

ከመንቀሌ በፊት ግን እንደ አገሩ ወግ ሽማግሌ ላክሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታችን ሁለት ሰዎች አስከትለው በዳይና ተበዳይን አስቀመጡን። እኔ ጥፋቴን አመንሁ። ጋሽ ጥሩነህም "ሽቦው ይቀመጥ፤ ግን የእኩል ነው" አሉ። መሬት የሰጠ ከምርቱ ግማሹን ይወስዳላ!

"ጋሼ፣ ምርቱ እኮ ወሬ ብቻ ነው" አልኋቸው።

"ወሬውን ነዋ" አሉ።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ ውሉ ግን ጸና። ጋሽ ጥሩነህም አመሻሽ ላይ በርጩማቸውን ይዘው መጡ። ዕድላቸው ሆኖ ከጀርመን አገር አንድ አዛውንት ጥርት ብለው ገቡልኝ። በእኛ በሬዲዮኞች ልማድ ስም ይነገራል፣ ድምፁ ምን ያህል እንደሚሰማ ይነገራል፣ ደህና ሁን ይባላል። ልሰናበት ስል ጋሽ ጥሩነህ ክንዴን ያዙኝ። ይኸው ነው እንዴ? ዝናቡ እንዴት ነው ሳትለው? ከብቱ፣ አዝመራው፣ ጎረቤቱ? ግማሹ ወሬ የሳቸው ነውና ሁሉንም በእንግሊዝኛ ጠየቅሁ።

ሰውዬው ግራ ተጋቡ፤ ቀጥሎ ደስ አላቸው መሰለኝ። ዝናቡ ደህና ነው። ከብት የለም። ጎረቤት አለ፤ ግን አንቴናህ ዕይታዬን ጋረደብኝ ብሎ ከተጣሉ ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም። እንግዲህ ሰማይ ባለቤት የለውም ያልሁት ለአገሬ ብቻ ይያዝልኝ።

"ታዲያ ሽማግሌ አይልክም?" አሉ ጋሽ ጥሩነህ።

ተረጎምሁ። የሚላክ ሽማግሌ ከየት ይመጣል፣ አሉ ሰውዬው፤ በሬዲዮ በየአገሩ ወዳጅ አላቸው፣ ሰፈራቸው ውስጥ ግን የሚያውቁት ሰው የለም። ይህን ስተረጉም አፌ ትንሽ ከበደኝ፤ ባለቤቴ በጓዳው በር ትሰማ ነበርና።

ጋሽ ጥሩነህ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። "በል እንዲህ በለው፤ ያንን ጎረቤቱን ይጥራልን። መሪጌታን አመጣለሁ፣ ከዚሁ እናስታርቃቸዋለን።"

አሳፈረኝ፤ ግን ውል ውል ነውና አስተላለፍሁ። መስመሩ ተቋረጠ ብዬ ማዞሪያውን መነካካት ስጀምር የሰውዬው ድምፅ ተመልሶ መጣ።

"በስንት ሰዓት ላምጣው?"