የማይታየው ፑድራ

ፑድራ መቼም ታውቃላችሁ፤ ሴቶች ፊታቸው ላይ የሚነሰንሱት ዱቄት ነው። በእኛ ዘመን ጎንደር የሚመጣው ፑድራ ሁሉ ነጭ ነበር። አንዷ የፒያሳ ወይዘሮ ተቀብታ ስትወጣ ከወፍጮ ቤት የተመለሰች ትመስል ነበር። አንገቷ ጠይም፣ ፊቷ ነጭ ጤፍ። ማን ይስቃል? ጌጥ ነዋ!

እኔ ከጭልጋ ነው የመጣሁት። ለምን እንደ መጣሁ ይቅር። አዘዞ ድንጋይ ስሸከም ከርሜ፣ ትከሻዬ ሲላጥ፣ ሙሴ ኮስታ የሚባል ግሪክ ሱቅ ተቀጠርሁ። እንጀራ ያገኘ ሰው ብዙ አያወራም።

ሙሴ ኮስታ አንድ ቀን ከአስመራ የቀለም መለኪያ ይዞ መጣ። ረዘም ያለ ሳጥን ነው። በአንድ ዓይን ወደ ውስጥ ታያላችሁ። በአንድ ወገን የምትለኩት ነገር አለ፤ በሌላው ወገን ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ መስታወት። ሁለቱ ወገን አንድ እስኪመስሉ መስታወቱን ትደራርባላችሁ። መስታወቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር የቀለሙ ልክ ነው። እንግዲህ ለጎንደር ሴት የራሷን መልክ እንሸጥላታለን አለኝ። ካልተሸጠስ? ፑድራውን ይተዋል፤ እኔም ወደ ድንጋዬ። ይህን አልደበቀኝም።

የመጀመሪያዋ ደንበኛ እመት ጥሩነሽ ነበሩ፤ ልጃቸውን ሊድሩ። ሙሽራ ደግሞ ከሠርጓ በፊት ለባዳ ወንድ ፊቷን አታሳይም። ሳጥኑን ተሸክሜ ቤታቸው ሄድሁ። ሁለት አክስቶች ጋቢ ጋረዱ፤ ከጋቢው ሥር አንድ ክንድ ብቅ አለ። ከቤት የማትወጣ ልጅ ክንዷም ፊቷም አንድ ነው ብዬ ለካሁ።

«ቀይ ናት፤ ቀይ ብለህ ያዝ» አሉ እመት ጥሩነሽ።

ሳጥኑ ጠይም አለ። ከሙሽራ እናት ጋር ማን ይከራከራል? የሳጥኑን ቁጥር ይዤ ወጣሁ።

ሱቅ ተመልሼ ነጩን ዱቄት ከቀይና ከቢጫ አፈር ጋር ቀየጥሁ። ዱቄት ካልተጠቀጠቀ ፈዛዛ መስሎ ያታልላል። ጠቅጥቄ ለካሁ፣ አፈር ጨመርሁ፣ ደግሞ ለካሁ። እናትየዋን ልመን ወይስ መስታወቱን? መስታወቱን አመንሁ።

በሠርጉ ጧት አስጠሩኝ።

«ምነው አንተ! ልጄን ጉድ ሠራሃት! ቀባናት፣ ቀባናት፤ የለም! ፑድራህ የት ገባ?»

«ፊቷ ላይ ነው እመይቴ።»

«ታዲያ ምነው አይታይ?»

«እንዳይታይ ነው የተሠራ።»

«ላም አለኝ በሰማይ በለኛ! እንዳይታይማ ፊቷን ታጥባ ትወጣ አልነበር?»

ሌላ ለመፈለግ ጊዜ አልነበረም። የከተማ ሠርግ ነውና ልጅቷ ቬሎዋን ለብሳ፣ ፊቷን ገልጣ ወጣች። እኔ ዳሱ ዳር ቆሜ ትከሻዬን እዳስሳለሁ።

ዘፈኑ ጋለ። ፀሐዩ በረታ። ላብ ሲወርድ በሚዜዎቹ ጉንጭ ላይ ነጩ ፑድራ ቦይ ቦይ ሆነ። ሙሽራዋም አላባት፤ ግን መልኳ ያው የጧቱ ነው። የሙሽራው አክስት አዩና፣ «ይችስ ምንም ሳትቀባ እንዲህ ሸጋ!» አሉ።

አሁን ስማችንን ይጠራሉ ብዬ እመት ጥሩነሽን አየሁ። አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«የእኔ ልጅ ምን ቅባት ያሻታል!» አሉ።

አለቀልኝ አልሁ።

በማግስቱ የሱቁ የጓሮ በር ተንኳኳ። እመት ጥሩነሽ ናቸው፤ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበዋል። ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። ከእሳቸው በኋላ አክስቶቹ፤ ከአክስቶቹ በኋላ ሚዜዎቹ፤ ሁሉም በጓሮ። ሙሴ ኮስታ ሁለተኛ ሳጥን አዘዘ፤ እኔም ድንጋዩን ረሳሁት።

በዚያ ዓመት ጎንደር ላይ ፑድራ የምትቀባ ሴት ጠፋች ተባለ። እኛ ደግሞ ፑድራ ማድረስ አቃተን።