ትንሽ ብቻ ይቀረዋል

ጆሮ ለማኝ አይግጠማችሁ። ሌላው ለማኝ «እግዜር ይስጥህ» ስትሉት ያልፋል፤ ጆሮ ለማኝ ግን ወይ ፍንክች! በየከተማው፣ በየሰፈሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይጠፋም። «እስቲ አንድ ጊዜ ስማልኝ» ይልና የጀመረውን ግጥም፣ የጀመረውን ድርሰት፣ የጀመረውን ፕሮጀክት ያሰማችኋል። ልብ በሉ፣ የጀመረውን ነው። የጨረሰውን የሚያሰማ ጆሮ ለማኝ እስከ ዛሬ አላየሁም።

የእኛው፣ የወላይታ ሶዶው፣ ክቡር አቀናባሪ መልካሙ ጩማ ይባላል። ሶዶ ውስጥ አንድ ጆሮውን ለመልካሙ ያላዋሰ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው፣ ወይ በሩጫ የታወቀ ነው። መንገድ ላይ ያገኛችሁና ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ክንዳችሁን ይዞ ወደ ቅርቡ ሶኬት ይነዳችኋል። ላፕቶፑን ይሰካል፤ የማዳመጫውን አንዱን ጫፍ ለራሱ፣ ሌላውን ለእናንተ። «አንድ ጆሮ ብቻ፣ መምህር ኤልሳዕ!» ይለኛል። አንድ ጆሮ ማለት ግን አንገትም ጭምር ነው። ገመዱ አጭር ስለሆነ ግንባር ለግንባር ገጥማችሁ ነው የምትቆሙት። ባለቤቴ አንድ ቀን ከባጃጅ ውስጥ አይታን፣ ማታ ቤት ስገባ «ማን ሞቶባችሁ ነው ተቃቅፋችሁ የቆማችሁት?» ብላኛለች።

ሶኬት ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ክቡር ላፕቶፑ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ከግድግዳው በተነቀለበት ቅጽበት ነፍሱ ትወጣለች። ክዳኑ በብስክሌት ከመነዳሪ ታስሯል፣ ከፊደሎቹ ግማሾቹ ረግፈዋል፣ ፋኑ ሲነሳ ወፍጮ ቤት የገባችሁ ይመስላችኋል። ስለዚህ መልካሙ ሶዶን የሚያውቃት በሶኬቷ ነው። ሌላው ሰው «ከመናኸሪያው ፊት ለፊት» ብሎ አቅጣጫ ሲናገር፣ እሱ «ሶኬቱ መስኮት ሥር ካለው ጁስ ቤት ጎን» ይላል። የትኛው ፀጉር ቤት ኤክስቴንሽን እንዳለው፣ የየትኛው ቢሮ ሶኬት ከፖስተር ጀርባ እንደተደበቀ ከእሱ የሚሰወር የለም። አንዴ ሆስፒታል የተኛ ጎረቤት ሊጠይቅ ሄዶ፣ ከአልጋው ራስጌ ሶኬት አየና ከሰዓቱን በሙሉ እዚያው ዋለ። ጎረቤታችን የዋህ ሰው ናቸው፤ «ከልቡ የጠየቀኝ መልካሙ ብቻ ነው» እያሉ እስከ ዛሬ ያመሰግኑታል።

«ስቱዲዮ የለውም እንዴ?» ትሉ ይሆናል። አለው እንጂ! የይስሐቅ ስቱዲዮ ተቀጣሪ ነው። ግድግዳው በስፖንጅ የተለበጠ፣ ወንበሩ የሚሽከረከር፣ ኮምፒውተሩ ግድግዳ የሚያህል ስክሪን ያለው ስቱዲዮ ነው። እዚያ ተቀምጦ የመዘምራኑን መዝሙር፣ የሠርጉን ዘፈን፣ የሳሙናውን ማስታወቂያ በቀጠሮው ቀን ያስረክባል። ባለቤቱ ይስሐቅ ራሱ «የሰው ሥራ አሳድሮብኝ አያውቅም» ብሎ ይመሰክርለታል። የገዛ ራሱን ሥራ ግን ትልቁ ኮምፒውተር ላይ አንድ ቀን ሞክሮት አያውቅም።

«ለምን?» ብዬ ጠየቅሁት።

«መምህር፣ እዚያ ስቀመጥ የሰው ሥራ ነው የሚመጣልኝ። የእኔ እዚያ አይወጣም፤ ያፍራል።»

«ማን ነው የሚያፍረው?»

«ዘፈኑ።»

እንግዲህ ይህ ዓይናፋር ዘፈን አንድ ነው። በወላይትኛ የተሠራ አንድ ዘፈን። ከተጀመረ ስንት ዓመቱ እንደሆነ አልናገርም፤ ብቻ ሲጀመር ወንደላጤ የነበረ ጎረቤቴ ዘንድሮ ልጁን ትምህርት ቤት አስገብቷል። መልካሙ ደግሞ ጆሮ የሚለምነው በዘፈቀደ አይደለም፣ ቆራርሶ ነው የሚያሰማው። ከበሮው የጋሽ ወልደመስቀል ድርሻ ነው፤ የዕድራችን ዳኛ ናቸው፣ በወጣትነታቸው ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ ይመቱ ነበር። ቤዝ ጊታሩ የይስሐቅ ነው። ዜማና ግጥሙ የእኔ፤ ተማሪዬ ስለነበር እኔ ቃል የማሳምር ይመስለዋል። «ጥሩ ነው» ስትሉት «አይ፣ ትንሽ ይቀረዋል» ይላል። «አይረባም» ስትሉትም «አዎ፣ ትንሽ ይቀረዋል» ይላል። «በቃ በስልኬ ላክልኝና ልገላገል» ስለው፣ «በስልክ ከወጣ እኮ አለቀ ማለት ነው!» ብሎ ላፕቶፑን ደረቱ ላይ አቀፈው።

ይህ ሁሉ የሚያስቀን ፋና እስክትመጣ ድረስ ነበር። ፋና ጦና የገሱባ ልጅ ናት፣ ሶዶ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። መድኃኒት ቤቱ ሶኬት እንዳለው መቼም ገምታችኋል። ተዋደዱ። ከምር ተዋደዱ። እሷ ግን አንድ ቃል አላት፣ «ያለ አባቴ ምርቃት አላገባም»። አባትየው ደግሞ ላፕቶፕ አቅፎ ከተማ ለከተማ ስለሚዞር አንድ ሰው ወሬ ደርሷቸዋል።

የመልካሙ አባት ጉኑኖ ያሉ ገበሬ ናቸው። «የከተማውን ነገር ከተሜ ይጨርሰው» ብለው እኛን ወከሉ፤ ጋሽ ወልደመስቀልን፣ ይስሐቅንና እኔን። ኮታችንን ለብሰን፣ የገሱባ መንገድ ሆዳችንን ሲንጠው ውሎ፣ ጋሽ ጦና ቤት ደረስን። እንደ ወጉ «ተቀመጡ» ሲሉን «ጉዳይ አለን፣ አንቀመጥም» ብለን ቆምን። ወጉን ያወራነው በወላይትኛ ነው፤ እዚህ ላይ በአማርኛ የማስወራቸው ለእናንተ ስል ነው።

«ልጁ ሥራው ምንድን ነው?» አሉ ጋሽ ጦና።

«ሙዚቃ ያቀናብራል» አለ ይስሐቅ።

«የራሱ የሆነ፣ ጨርሶ ያስረከበው ምን አለ?»

እርስ በርስ ተያየን። ጋሽ ወልደመስቀል ዳኝነት የለመደ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ሊያልቅ ነው» አሉ።

«እኔ አናጢ ነኝ» አሉ ጋሽ ጦና። «ሦስት እግር ያለው ወንበር ገበያ አውጥቼ አላውቅም። ልጄን ለጀማሪ አልሰጥም። የራሱ የሆነ፣ የጨረሰው አንድ ነገር ይዛችሁ ኑ፤ ከጊፋታ በኋላ ባለው ቅዳሜ። ካልሆነ ግን እንዳትመለሱ።»

ይህን ሲሉ የተደገፉት ትልቅ ቡፌ በር አልነበረውም። በበሩ ቦታ አበባ ያለበት መጋረጃ ተንጠልጥሏል። አየሁት፤ ግን ሽማግሌ የሰው ቤት ዕቃ ሊቆጥር አይላክም ብዬ ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲህ መልካሙ ጆሮ መለመን አቆመ። ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ደርሶ ከተማው ሲጨፍር፣ እሱ አንዱ ፀጉር ቤት ጥግ ላፕቶፑ ላይ ተደፍቶ ዋለ። ከሳ። ተመስገን ተገላገልን ማለት ሲገባኝ አንጀቴን በላው። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥሁ።

«አንተ ልጅ፣ አልቋል በለውና ዝጋው! ልጅቷ ልታመልጥህ ነው እኮ!»

ቀና ብሎ አየኝ። «መምህር፣ ካለቀ በኋላ ጥሩ ካልሆነስ? እስካላለቀ ድረስ እኮ ጥሩ ሊሆን ይችላል።»

ላፕቶፑን ልዘጋለት ዘርግቼው የነበረውን እጄን ሰበሰብኩ።

በቀጠሮው ጠዋት ላፕቶፑን በጋቢ ጠቅልሎ መናኸሪያ አመጣልኝ። እንደ አራስ ልጅ አያያዙን አስረዳኝ፤ ክዳኑ በቀስታ፣ ቻርጀሩ ወደ ግራ ዘንበል። «ታዲያ አልቋል ልበላቸው?» አልኩት። «አልቋል በሏቸው» አለ። ሚኒባሱ ሲነሳ በመስኮቱ በኩል ተከትሎ እየሮጠ «ትንሽ ግን…» ሲል ጋሽ ወልደመስቀል መስኮቱን ዘጉበት። ገሱባ እስክንደርስ ያን ላፕቶፕ እንዳቀፍኩት የወለድኳቸውን ልጆች አቅፌ አላውቅም።

አሁንም ቆምን። አሁንም «ተቀመጡ»፣ አሁንም «አንቀመጥም»። ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አኑሬ ሶኬት ተፈልጎ ሰካሁት። ፋኑ ሲነሳ የፋና እናት ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ «በስመ አብ!» ብለው ወደ ኋላ ሸሹ። ስክሪኑ በራ። የዘፈኑን ስም አየሁት። ጣቴን ልጫን ስል መብራት ሄደ።

ላፕቶፑ ሞተ። ጋሽ ጦና መብራቱን አዩ፣ እኛን አዩ።

«ይህም አላለቀም ማለት ነው» አሉና ሊወጡ ተነሱ። ከዚያ በር ከወጡ ነገሩ እንዳበቃለት ሁላችንም አውቀናል።

ድም፣ ድም ድም።

ዘወር ስል ጋሽ ወልደመስቀል ናቸው። የዕድሩ ዳኛ ኮታቸውን እንደ ቆለፉ የሰው ጠረጴዛ በመዳፋቸው ይመታሉ! ያ ከበሮ ነው፣ የመልካሙ ከበሮ። ይስሐቅ አንድ ጊዜ አያቸውና ዓይኑን ጨፍኖ በጉሮሮው «ዱም… ዱዱም» ይል ጀመር። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ አፈጠጡ። ኧረ ጉድ! እኔ ከሠርጌ ወዲህ ዘፍኜ አላውቅም። ምን ላድርግ፣ ዘፈንኩ። ለካስ ያን ሁሉ ዘመን በአንድ ጆሮ ከገባው አንዲት ቃል አልወጣችም።

መሀል ላይ ስደርስ ነው ዘፈኑ ስለ ማን እንደሆነ ትዝ ያለኝ። «ጫማዬ የደጅሽን መንገድ ከእኔ ቀድሞ ለመደ» እያልኩ ዓይኔ ከአባትየው ዓይን ጋር ገጠመ። ፊቴን ወደ ቡፌው አዞርኩ። ማቆም ግን አይቻልም፤ ጋሽ ወልደመስቀል ሞቋቸው ፍጥነት ጨምረዋል።

እንደዚያ እያልን ዘፈኑ አለቀብን። እሱ ያላሰማን ቦታ ደረስን። ከበሮው ቆመ፣ ቤዙ ቆመ፣ እኔም አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ያን ጊዜ ከጓዳ ድምፅ መጣ። ቀጭን፣ ያልፈራ የሴት ድምፅ፤ ለቀጠሮው ከሶዶ ቀድማን የመጣችው ፋና ናት። እኛ ካቆምንበት ቃል ተነስቶ ሄደ፤ ማናችንም ሰምተነው የማናውቀውን ዜማ ይዞ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለና መጨረሻው ላይ ቀስ ብሎ አረፈ። ዘፈኑ መጨረሻ አለው! አልቆ ኖሯል! ለእኛ አንድ አንድ ጆሮ ሲሸነሽንልን የኖረው ሰውዬ፣ ለእሷ ሁለቱንም ጆሮዋን ሞልቶ እስከ መጨረሻው አሰምቷታል። እንባዬ መጣ፣ አልደብቃችሁም።

«አንቺ!» አሉ ጋሽ ጦና ወደ ጓዳው። «ይህን ከየት አወቅሽው?»

የመለሱት ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ናቸው። «የፋና አባት፣ ልጅቷን ተዋትና አንተ ይህን ቡፌ መቼ ነው የምትጨርሰው? ፋና ሳትወለድ የጀመርከው ነው። የገሱባን በር ሁሉ ገጥመህ የራስህ ቤት ስትደርስ ምን ይይዝሃል?»

ጋሽ ጦና ዞረው ቡፌውን አዩ። መጋረጃውን በጣታቸው ገለጥ አደረጉና መልሰው ለቀቁት።

«ትንሽ ብቻ ነው የሚቀረው» አሉ።

ይስሐቅ መጀመሪያ ፈነዳ። ቀጥሎ ጋሽ ወልደመስቀል፣ ቀጥሎ እኔ። ሽማግሌ ሲላክ እንዲህ አይሳቅም፣ እናውቃለን፤ ግን ወይዘሮዋም ሳቁ፣ ጓዳውም ሳቀ። በመጨረሻ ጋሽ ጦና ራሳቸው ትከሻቸው መርገፍ ጀመረ።

«በሉ ተቀመጡ» አሉ። ተቀመጥን። ጎደሬው ከቃሪያ ድቁሱ፣ ከዳጣው ጋር ሲቀርብ ነገሩ እንዳለቀ ገባን፤ ምራታችንን ያገኘነው ዳጣው ዓይናችንን እያስለቀሰን ነው። ልንነሳ ስንል ጋሽ ጦና እጄን ይዘው «ልጁን ይምጣ በሉት» አሉኝ። «ያንን ነገሩንም ይዞ ይምጣ። መብራት ሲመጣ እኛም ቤት ሶኬት አለ።»

ከመንገድ ላይ ደወልኩለት። ሁሉንም ነገርኩት፣ ቡፌውን ሳይቀር። ሲያለቅስ ይሰማኛል። ከዚያ አፍንጫውን ሳብ አድርጎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «መምህር፣ ጋሽ ወልደመስቀል ከበሮውን አፍጥነውት አይደል?»

ሠርጋቸው ለጥር ተቆርጧል። ዘፈኑም በስልክ ወጥቷል፤ እኔም በሁለት ጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ በወላይትኛችን «ሎኦ» ነው፣ ከልቤ ጥሩ ነው። መልካሙ አሁን በየሳምንቱ ገሱባ ይሄዳል። እሱ ሶኬቱ ሥር ላፕቶፑን፣ አማቱ ደግሞ ከጎኑ የቡፌውን በር ይዘው ይውላሉ አሉ። የቡፌው በር እስከ ዛሬ አልተገጠመም።

ከትናንት በስቲያ መናኸሪያው አጠገብ አየሁት። ላፕቶፑን አቅፎ በወዲያ ማዶ ያልፋል። እኔን አይቶ እጁን አውለበለበና፣ ያስቸገረኝ መስሎት ነው መሰለኝ፣ መንገዱን ቀጠለ።

«አንተ!» ብዬ ተጣራሁ። «አዲስ ነገር የለም እንዴ?»

እየሮጠ ተሻግሮ መጣ። ዓይኑ በርቷል። «አለ፣ አለ፣ መምህር! ግን ገና ጅምር ነው፣ ትንሽ ይቀረዋል። አንድ ጆሮ ብቻ ይስጡኝ።»

«ሁለቱንም ውሰድ» አልኩትና፣ ክንዱን ይዤ ወደ ቅርቡ ሶኬት ነዳሁት።