ዱክ ባልታዛር በድንበሩ ወንዝ ባርኔጣቸውን ያወለቁበት ዜና

በዘመነ ሪህ በሦስተኛው ዓመት፣ ኃያሉና ጽኑዑ፣ በእግዚአብሔር ቸርነት የሆልንባህ ዱክ፣ የሁለት ወፍጮና የአንድ ዓሣ ኩሬ ጌታ፣ መፍቀሬ ሰላም ወቋሊማ፣ ባልታዛር ሣልሳዊ በነገሡ በሃያ አንደኛው ዓመት፣ የገና ጾም ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ልጃቸውን ሲቢላን ሊድሩ ወደ ድንበሩ ወንዝ ዘመቱ። ይህን የምጽፍ እኔ ጸሐፌ ትእዛዝ ቶቢያስ ነኝ፤ የጦርነት ዜና ልጽፍ ተቀጥሬ፣ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ጦርነት የሚባል አጥቼ፣ የጌታዬን ጉንፋን እንደ ዘመቻ ስመዘግብ የኖርኩ።

ከማዶ የድሮንስታይኑ ዱክ ካስፓር ከልጃቸው ከሊዮንሃርት ጋር ቆመዋል። ሲቢላና ሊዮንሃርት ከተዋደዱ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። ካስፓር ግን ቁርጡን በደብዳቤ ነግረውናል፤ የጋብቻው ውል ዛሬ ካልተፈረመ፣ ጾሙ ሲፈታ ልጃቸውን ለሌላ ይድሩታል። ያቺኛዋ ሰባት የዓሣ ኩሬ አላት አሉ።

ጌታዬን የተከተለው ሠራዊት ይህ ነበር፦ የፈረስ ቤቱ አዛዥ፣ እርሱም ወጥ ቤቱ፤ ሳል የያዘው አንድ መለከተኛ፤ አንድ ከበሮ መቺ፤ ስድስት ጦር ያዦች፣ ከእነርሱም ሁለቱ ከጎረቤት ገዳም የተዋስናቸው ንብ አናቢዎች፤ በስተኋላም ቀለሜን ታቅፌ እኔ።

እንግዲህ በእኛ አገር ባርኔጣውን ቀድሞ ያወለቀ መስፍን የበታች ነው፤ ልጁም የልጅ ልጁም የበታች ሆኖ ይቀራል። ይህን አውቄ አርባ ሁለት አንቀጽ ያለው ሥርዓት ጻፍኩ። የመጨረሻው አንቀጽ፣ «በሦስተኛው የከበሮ ምት ሁለቱ ጌቶች በአንድ ቅጽበት ያውልቁ» ይላል። በዚህች አንቀጽ የተነሳ ሳምንቱን ደረቴን ነፍቼ ከርሜአለሁ።

ከበሮው ተመታ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። የሁለቱም እጅ እስከ ባርኔጣው ጫፍ ደረሰና ቆመ፤ አንዱ የሌላውን እጅ ያያል። እንደገና ተመታ፤ እንደገና ቆመ። ሁለቱም ቢጠባበቁስ ምን ይደረግ? ይህን አርባ ሁለት አንቀጽ ሙሉ አላሰብኩትም። ሃያ ሦስት ጊዜ አስመታሁ፤ ከዚያ ዝናቡ መጣና የከበሮው ቆዳ ረግቦ እንቢ አለ።

ከማዶ ትዕይንቱን ሊያዩ የተሰበሰቡ ላም ጠባቂዎች መሳለቅ ጀመሩ።

«ኧረ ጌቶች! ጭንቅላታችሁ ላይ ተሰፍቷል እንዴ?»

«ተዉአቸው እባካችሁ፣ የሆልንባሁ ራሰ በራ ናቸው፤ ብርድ ይመታቸዋል!»

ካስፓርም አዋጅ አስነገሩ፦ «ስማ፣ ስማ! የድሮንስታይን ጌታ የማታው ጸሎት ደወል እስኪደወል ይታገሣሉ። ደወሉ ሲያበቃ ሠረገላቸው ይዞራል!»

ሲቢላ የሙሽራ ቀሚሷን ሰብስባ በጭቃው መጣች።

«አባባ፣ ምን ነካዎት? ጨርቅ እኮ ነው!»

«የዘር ክብር ነው፣ ልጄ።»

«እኔ ክብር አላገባም! ሊዮንሃርትን ነው የማገባው!»

እኔ ነገሩን ላበርድ ብዬ፣ አርባ ሦስተኛ አንቀጽ ልጨምር ወረቀት ዘረጋሁ። ዝናቡ ቀለሙን ይዞት ሄደ። ጌታዬ እጄን ያዙና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

«አንተ ቶቢያስ፣ ተወው። ክብር ያልኩት ለአንተ መጽሐፍ ነው። አንዴ ካወለቅኩ ትሄዳለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሚስቅ ሰው እሷ ብቻ ናት። ነገ ጠዋት ከማን ጋር ልጨቃጨቅ ነው? ከአንተ ጋር?»

አፈርኩ። ሃያ አንድ ዓመት «የማይናወጽ፣ የማይደክም» እያልኩ የጻፍኩላቸውን ሰው አላውቃቸውም ነበር። አርባ ሦስተኛውን አንቀጽ ትቼ ወረቀቱን አጠፍኩ፤ በአገልግሎት ዘመኔ የሠራሁት አንድ ጥሩ ሥራ እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

ደወሉ ጀመረ። የካስፓር ሠረገላ ነጂ ልጓሙን ሳበ። ሊዮንሃርት ወንዙ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ቆመ፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አላለም። ሲቢላ አላለቀሰችም፤ እጆቿን ጥላ አባቷን አየቻቸው። ጌታዬ ያንን ፊት አልቻሉትም።

ወእምዝ ኃያሉ ባልታዛር፣ ከበሮ ሳይመታ፣ መለከት ሳይነፋ፣ ከአንቀጾቼ ሁሉ ውጭ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ። የባርኔጣው ጥቁር ቀለም ከዝናቡ ጋር በራሳቸው ላይ ወረደ። የሳቀ ሰው አልነበረም። ላም ጠባቂዎቹ ቆባቸውን አወለቁ። ካስፓርም ኋላ ደንግጠው አወለቁ፤ እስከ አምስት ከቆጠርኩ በኋላ። ውሉ በከበሮው ጀርባ ላይ ተፈረመ፤ ሲቢላም የአባቷን ፊት በነጭ እጅጌዋ ጠረገችና በጠቆረ እጅጌ ወንዙን ተሻገረች።

ጾሙ ነገ ስለሆነ ሠርጉ እዚያው ድሮንስታይን፣ በዚያው ምሽት ተደረገ። ሕግ ሕግ ነውና ጌታዬን ከገበታው ጫፍ፣ ነፋስ በሚገባበት በር አጠገብ አስቀመጧቸው። ሙሽራዪቱ አየች። ሳህኗን አነሳች፣ ወንበሯን በድንጋዩ ወለል ላይ እየጎተተች አዳራሹን ሙሉ አቋረጠች፣ አጠገባቸውም ተቀመጠች። ሊዮንሃርት ተከተላት። ከዚያ ሰዉ ሁሉ ዝዩንም ቢራውንም ይዞ እየተነሳ ወደ በሩ መጣ፤ ካስፓር ከላይኛው ገበታ ከሻማዎቹ ጋር ቀሩ።

እኔም ብዕሬን አውጥቼ፣ ሁለቱ ጌቶች በአንድ ቅጽበት አወለቁ ብዬ ልጻፍ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ጌታዬ ጉንጫቸው ሙሉ እንደሆነ የመጨረሻውን አዋጅ ተናገሩ፦

«እንደሆነው ጻፍ!»

እንደሆነው ጻፍኩ። ከተማ ላልያዘ፣ ግንብ ላልሰበረ፣ በፊቱም ማንም ላልሸሸ፣ ነገር ግን ቀድሞ ላወለቀ ለባልታዛር፣ ለሲቢላ አባት፣ ክብር ይሁን!