ገስግስን አልሸጥም! (አዎ፣ ቃል ገብቼ ነበር)

ቪዲዮው ሳይደርሳችሁ እኔው ራሴ ልናገር! ደርሷችሁ ከሆነም፣ አዎ፣ ያቺ ነጠላዋን እየጎተተች ሜዳ መሃል የምትሮጠው ሴትዮ እኔ ነኝ። ባንድ እግሬ ጫማ የለም። የት እንደወደቀ እስካሁን አላወቅኩም።

ሳቃችሁን ጨርሱና ስሙኝ።

ለአዳዲሶቹ ፎሎወሮቼ፦ ሰብለ እባላለሁ። ጁባ፣ ኮሎሎ መንገድ ላይ ትንሽዬ ሬስቶራንት አለችኝ። ፈረስም አለኝ። ሰው እዚህ አገር ትንሽ ሲተርፈው ጄኔሬተር ይገዛል፣ እኔ ፈረስ ገዛሁ! ስሙ ገስግስ ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፣ እሱ እንኳን ገና አልሰማም።

ከከተማ ወጣ ብሎ አንድ ሜዳ አለ። በጋ በጋ ፈረስ ያላቸው ሰዎች እዚያ ይሰበሰቡና ያወዳድራሉ። አብዛኞቹ ከሰሜን በኩል የመጡ፣ ፈረስ ላይ ያደጉ ወንዶች ናቸው። መሃላቸው ደግሞ እኔ፣ ክትፎ ሻጯ።

ዘንድሮ እንዴት እንደከረምን መቼም ታውቃላችሁ፣ እዚሁ ስለጥፍላችሁ አይደል የከረምኩት! አንዴ መጨረሻ ወጣ። አንዴ ቦዳ ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር አስደንግጦት ሜዳውን ጥሎ ጠፋ፣ ሲመሽ ኮር ዊሊያም ሰፈር የሰው ግቢ ውስጥ ልብስ ሲያኝክ ነው ያገኘነው። አንዴማ ሌሎቹ ወደፊት ሲሮጡ እሱ ዞሮ ወደመጣንበት ሄደ። ቢያንስ ሮጧል ብዬ ፖስት አደረግኩ። "ተመስገን፣ ጤነኛ ነው" እያልኩ ስጽፍ ከስር ኮመንት ላይ የምትሉትን ያላየሁ እንዳይመስላችሁ!

የገስግስን ቀለብ የሚችለው ሩጫው አይደለም፣ ሰርግ ነው። የሐበሻ ሰርግ ሲኖር ሙሽራዋን ተሸክሞ የሚገባው እሱ ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

እና ባለፈው ሰሞን ጋሽ ተካ ምሳ ሊበሉ መጡ። ጋሽ ተካ ካስተም ገበያ የጅምላ ሱቅ ያላቸው፣ እዚህ ስመጣ ቤት ያገኙልኝ፣ እንደ አባቴ የማያቸው ሰው ናቸው። ያው እንደ አባትም ይጨቀጭቁኛል።

"አንቺ ልጅ፣ ይኼን ፈረስ ስጪኝና ጋሪ ላይ ልጠምደው። ቢራና ውሃ ያመላልስልኝ። ቢያንስ ለሚበላው ይሥራ!"

ሬስቶራንቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ደሜ ፈላ።

"በመጨረሻው ውድድር ከአንድ እስከ ሦስት ካልገባ ይውሰዱት!" አልኩ።

ምን ነክቶኝ ነው? ማን ተናገሪ አለኝ? እንግዲህ አንዴ ከአፌ ወጥቷል።

የመጨረሻው ውድድር ዛሬ ነበር።

እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ አይደል? እስከዛሬ የተሸነፍነው ደጋፊ ስለሌለን ነው ብዬ አሰብኩ። እውነትም እዚያ ሜዳ የሚመጣው ወንድ ነው፣ ቢበዛ ያፏጫል። ስለዚህ እዚሁ ፔጄ ላይ ጻፍኩ፦ "ከቅዳሴ ስትወጡ ኑልኝ! ገስግስን በእልልታ አስገቡልኝ!"

መጣችሁ። እግዜር ይስጣችሁ፣ ግልብጥ ብላችሁ መጣችሁ! ሁለት ሚኒባስ ሙሉ ሴት ነጠላዋን እንዳደረገች መጨረሻው መስመር ጋ ተደረደረች። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ጋሽ ተካም መጥተዋል፣ ገመድ ይዘው።

የሚጋልበው ዴንግ ነው። በሥራ ቀን የኤንጂኦ ሾፌር ነው፤ አዲስ አበባ፣ ገርጂ ያደገ የደቡብ ሱዳን ሰው። አማርኛው ከኔ ይበልጣል፣ ስድቡማ አይነሳ።

አምስት ፈረሶች ተለቀቁ።

ገስግስ ሮጠ! ወደፊት! በትክክለኛው አቅጣጫ! መጀመሪያ ሦስተኛ ነበር፣ ሲታጠፉ ሁለተኛ ሆነ። ከዚያ በእመቤቴ እምላለሁ፣ መራ! የኔ ገስግስ አራቱን አስከትሎ ወደኛ ሲመጣ አቧራው ብቻ ይታያል። እኔ እየዘለልኩ ነው። ጋሽ ተካ ገመዳቸውን ወደ ኪሳቸው መክተት ጀምረዋል።

መስመሩ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ሴቶቹ በአንድ አፍ "እልልልልልል!" አሉ።

ገስግስ ቀጥ አለ።

አልተደናቀፈም፣ አልደከመም። ቆመ በቃ! ዴንግ አንገቱ ላይ ተንጠለጠለ። ፈረሱ ራሱን ቀና አድርጎ፣ አንድ የፊት እግሩን ወደፊት ዘርጋ አድርጎ፣ ጆሮውን አቁሞ ፎቶ እስኪነሳ ይጠብቃል።

አሁን ሰርጉን አስታወሳችሁት?

ሙሽራ ይዞ ሲገባ እልልታ ሲሰማ እንዲቆም ያስተማርነው እኔና ዴንግ ነን። ፎቶግራፈሩ እስኪጨርስ ንቅንቅ አይልም፣ ከዚያ ሸንኮራ እናጎርሰዋለን። ስንት ወር ለፍተንበታል መሰላችሁ! ያን ሁሉ ሴት ስጠራ ይህቺ ነገር ለአንድ ደቂቃ እንኳን ትዝ አላለችኝም።

"ሰብልዬ! ዝም አሰኚያቸው! በፈጠረሽ ዝም አሰኚያቸው!" ዴንግ ይጮሃል።

እናቶች ደግሞ ፈረሱ የደከመው መስሏቸው ለማበረታታት ጨመሩለት። እነሱ በጨመሩ ቁጥር እሱ ደረቱን ይነፋል። አራቱም ፈረሶች በጎኑ አለፉት፣ ዞር ብሎም አላያቸው። ቪዲዮው ላይ የምሮጠው ይሄኔ ነው። "ዝም በሉ! እባካችሁ ዝም በሉ!" እያልኩ ሄጄ ልጓሙን ይዤ ጎተትኩት። እልልታው በረድ ሲል መራመድ ጀመረ። መስመሩ ላይ ሊረግጥ አንድ እርምጃ ሲቀረው አንዷ፣ ስሟን አልጠራም፣ ራሷን ታውቃለች፣ "ደረሰልን!" ብላ አቀለጠችው።

ደግሞ ቆመ!

ከአምስት አምስተኛ። ያሸነፈው ሰውዬ መጥቶ "ማሌሽ፣ ማሌሽ" (በአረብኛ አይዞሽ ማለቱ ነው) እያለ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ሳቁን ለመዋጥ ሲታገል ዓይኑ ቀልቷል።

ጋሽ ተካ ግን አልሳቁም። ገመዱን አወጡ።

"ቃል ቃል ነው ልጄ። ካላስ፣ አለቀ።"

ምን ልበል? በሰው ፊት የተናገርኩት ነው። ዴንግ ኮርቻውን ፈታ፣ እኔ በገዛ እጄ ገመዱን አሰርኩለት። አለቀስኩ፣ አልዋሽም። እዚህ አገር ስመጣ እሁድ የሚባለውን ቀን እጠላው ነበር፣ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ የምሄድበት አልነበረኝማ። እሱን ከገዛሁ ወዲህ መኪናዬ በሩ ላይ ስትደርስ የሚያሽካካልኝ አለ። ቦርሳዬን በአፍንጫው የሚበረብርልኝ አለ። ይህን ሁሉ ለአንድ ምሳ ሰዓት ጉራ ብዬ ሰጠሁት።

እሱ ደግሞ ምንም ሳይመስለው ጋሽ ተካን ተከትሎ መሄድ ጀመረ! ከሃዲ!

ጀርባውን ሰጥቶኝ ራቀ። ከዚያ ያደረግኩትን አስቤበት አይደለም። እንባዬ እየወረደ፣ በአንድ ጫማ እንደቆምኩ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ፦

"እልልልልልልልል!"

ቀጥ!

ጋሽ ተካ ጎተቱ። ንቅንቅ የለም። ገመዱን ትከሻቸው ላይ አድርገው ጎተቱ። ራሱን ቀና፣ እግሩን ዘርጋ አደረገ። ሴቶቹ ገባቸው! ሁሉም ባንዴ እልልታውን ለቀቁት፣ ዴንግ ሳይቀር! ጋሽ ተካ ላባቸው ጠብ ጠብ እያለ ዞረው አዩኝ።

"አንቺ! ይኼ ጋሪ ላይ ቢጠመድም እንዲህ ሊያደርገኝ ነው?"

"እልልታ በሰማ ቁጥር፣ ጋሽዬ።"

"ቅዳሜ ቅዳሜ በየሰፈሩ ሰርግ አለ፣ እሁድ በየቤተ ክርስቲያኑ... ቢራዬ መንገድ ላይ ሊያድር ነው እኮ!" ገመዱን ወረወሩልኝ። "ውሰጂው! ካንቺም ከሱም ይሰውረኝ!"

ትንሽ ሄድ አሉና ተመለሱ።

"ለልጄ ሰርግ ግን ይመጣል አይደል?"

እንግዲህ ሲዝኑ አልቋል። ዋንጫ የለኝም፣ ሜዳሊያ የለኝም፣ አንድ ጫማም ጎድሎኛል። ፈረሴ ግን ግቢዬ ውስጥ ሸንኮራውን እየቆረጠመ ነው። "ሽጪውና ተገላገይ" ለምትሉኝ ሁሉ፦ አልሸጥም! ሰው ደስ ሲለው ሰምቶ ሩጫውን የሚያቆም ሌላ ፍጡር ካወቃችሁ ንገሩኝ። እኔ ያለኝ እሱ ነው፣ ተመስገን!

ለሚመጣው በጋ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ከመሃላችን አፉን ይዞ መደገፍ የሚችል ሰው አለ? እኔን እንደሆነ አይታችሁኛል።