ተረኛው ሳይመጣ ክብ አይለቀቅም

ኮማንደሩ፦ አባባ፣ በእናትዎ ቆቡን ያውልቁ! ማዳመጫው ከቆብ በላይ አይሆንም።

አባባ፦ ሠላሳ ዓመት በር ስጠብቅ ያለ ቆብ ቆሜ አላውቅም። ለአንተ ጨዋታ ብዬ ላውልቅ?

ኮማንደሩ፦ ይሄ እኮ በር አይደለም፣ ጦርነት ነው!

አባባ፦ ጦርነት ከሆነማ ቆቡ ይበልጥ ያስፈልጋል።

(አባባ የኮማንደሩ ሚስት አባት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የፋብሪካ ዘበኛ። እሱ ደግሞ መነጽር ሻጭ ነው። ማዕረጉን በኢንተርኔት ጨዋታ ላይ ለራሱ ሰጥቶ፣ ከጀርባው «ኮማንደር» የሚል ካናቴራ አሳትሟል። ታሪኩንም ለደንበኞቹ እየሳቀ የሚያወራው ራሱ ስለሆነ የጨመርነው የለም። ቡድኑ አምስት ሰው ነው፤ ሦስት ጓደኞቹ ከየቤታቸው ይጫወታሉ፣ አምስተኛዋ ነርሷ ሚስቱ ናት። እሷ ሥራ ገብታ የቀረችባቸውን ያለፉትን ሦስት ግጥሚያዎች ተሸንፈዋል። ዛሬም ሥራ ገብታለች፤ አባቷ ወንበሯ ላይ ተቀምጠዋል። ዛሬ ከተሸነፉ ኮማንደሩ ይሻራል፤ የቡድኑ ልጆች ቁርጡን ነግረውታል።)

ኮማንደሩ፦ ይስሙኝ። መሃል ላይ ክብ ይታይዎታል? የእኛ ሰው ከቆመበት ቁጥራችን ይጨምራል። ቀድሞ መቶ የሞላ አሸነፈ።

አባባ፦ በቃ እንቁምበታ።

ኮማንደሩ፦ አይ አባባ! እሱ የጀማሪ ሐሳብ ነው። እኔ ስድስት ዓመት ተጫውቻለሁ። ጠላትን ከሩቅ ከጨረስነው ክቡን ማን ይነካዋል? እቅድ ቁጥር ሰባት ይባላል።

አባባ፦ ከአንድ እስከ ስድስት ያሉት የት ደረሱ?

ኮማንደሩ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) አልሠሩም።

(ጨዋታው ተጀመረ። ኮማንደሩ እየተኮሰ ወደ ድልድዩ በረረ፤ ሦስቱ ልጆችም ተከተሉት። አባባ ቁልፉን በአንድ ጣት እየተጫኑ ቀስ ብለው ክቡ ውስጥ ገቡና ቆሙ።)

ኮማንደሩ፦ አባባ፣ ወደ ድልድዩ ይሩጡ!

አባባ፦ እሺ።

ኮማንደሩ፦ የት ደረሱ?

አባባ፦ ክቡ ውስጥ ነኝ።

ኮማንደሩ፦ እሺ ብለውኝ አልነበር እንዴ?

አባባ፦ ለአክብሮት ነዋ። ተረኛዬ ሳይመጣ ምድቤን ጥዬ የት እሄዳለሁ?

ኮማንደሩ፦ እዚህ ተረኛ የሚባል ነገር የለም!

አባባ፦ ወይ ጉድ! ታዲያ እንዴት አትሸነፉ?

ኮማንደሩ፦ አንዱን ጣልኩት! ሁለተኛውንም! አዩልኝ?

አባባ፦ ከዚህ አትታይም። አንድ ቀይ የለበሰ ሰውዬ መጥቷል፣ ምን ልበለው?

ኮማንደሩ፦ ጠላት ነው፣ ይተኩሱ!

አባባ፦ ሳልጠይቀው? (ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው) ጌታዬ፣ ማንን ፈልገው ነው? ... ውይ! ገደለኝ፣ ባለጌ!

ኮማንደሩ፦ አልኩዎት እኮ! አሁን እንደገና ሲነሡ በቀጥታ ወደ ድልድዩ ይምጡ!

አባባ፦ ኧረ ቦታዬ ባዶ ቀረ!

(አባባ ተነሥተው ወደዚያው ክብ ተጣደፉ። ከዚያ በኋላ ማንንም አልጠየቁም፤ ቀይ ባዩ ቁጥር ጥይት ይለቁበታል።)

ኮማንደሩ፦ ሃያ ሰባት ገደልኩ! እንዲህ ተጫውቼ አላውቅም! ልጆች፣ ተከተሉኝ፣ አንዱ በጫካው በኩል እያመለጠ ነው!

አባባ፦ ልጄ፣ ለአንድ ሰው አራት ሆናችሁ? ሌቦች ፋብሪካችን ሲመጡም እንዲሁ ነበር። አንዱ ውሻውን አስከትሎ ይሮጣል፣ ሌሎቹ በበሩ ይገባሉ።

ኮማንደሩ፦ ውሻው እኔ ነኝ?

አባባ፦ እኔ አላልኩም።

(ስክሪኑ ላይ «አሸንፋችኋል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ኮማንደሩ ዘሎ ተነሣ፤ ከደስታው ብዛት ጠረጴዛውን በጉልበቱ መታው።)

ኮማንደሩ፦ አዩ አይደል? እቅድ ቁጥር ሰባት! ስድስት ዓመት የለፋሁት ለዚች ቀን ነው!

አባባ፦ እሰይ። ይሄ ከስማችን ጎን ያለው ምንድን ነው?

ኮማንደሩ፦ እያንዳንዳችን ክቡ ውስጥ የቆየንበት ጊዜ ነው። እርስዎ አሥራ አንድ ደቂቃ። እኔ ... አራት ሰከንድ።

አባባ፦ አራቱን ሰከንድ መቼ ገባህ?

ኮማንደሩ፦ አቋርጬ ሳልፍ።

አባባ፦ በል አሁን እውነቱን ልንገርህ። ልጄ ጠዋት ስትወጣ «አባዬ፣ የሚልህን ሁሉ እሺ በለው፤ ከክቡ ግን ንቅንቅ እንዳትል» ብላኛለች።

ኮማንደሩ፦ እሷ? ታዲያ ከዚህ በፊት ያሸነፍነው ሁሉ ...

አባባ፦ ቆማ ነበራ! አንተ ስትሮጥ።

(ኮማንደሩ አፈረ፤ ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ ያሳክከው ጀመር።)

ኮማንደሩ፦ ልጆቹ ምን አሉ? ድምፃቸውን ዘግተውብኛል መሰለኝ።

አባባ፦ ኮማንደር ሁን አሉኝ። እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ ለልጄ ስጧት አልኳቸው። ወዲያው ተስማሙ።

ኮማንደሩ፦ አሸንፈንም ተሻርኩ? እኔስ ምን ልሁን?

አባባ፦ አንተን እኔ ተረክቤሃለሁ። (ማዳመጫውን ከነቆቡ አውልቀው ራሱ ላይ ደፉበት) ሁለተኛው ዙር ሊጀመር ነው፣ እኔ ጎኔን ላሳርፍ። ክቡ ውስጥ ቁም። እንዳትሮጥ!

(ኮማንደሩ ቆመ። አንድ ቀይ የለበሰ በአጠገቡ ሽው ብሎ ወደ ጫካው አለፈ። ጣቱን ወደ ቁልፉ ሰዶ መለሰው።)

ኮማንደሩ፦ አባባ! ተረኛዬ ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?

አባባ፦ (ከመኝታ ቤት) እኔን ነው የምትጠይቀው? ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን በሰዓቱ ሲመጣ አላየሁም!